ያልተፈረደበት ሰው ይቅር አይባልም፦ የ2012ቱ ወረርሽኝ እና የእስረኞች ሦስት መንገዶች



የዛሬው ታሪካችን ሩቅ ዘመን አይወስዳችሁም። የሚመልሰን ወደ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መስጂዶች ለጀማዓ ሶላት ተዘጉ። በየሱቁ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ተቀመጠ። ታክሲ በግማሽ ሰው መሄድ ጀመረ። "ርቀታችሁን ጠብቁ፣ ከቤት አትውጡ" የሚለው ምክር ከቴሌቪዥንም ከስልክም አይጠፋም ነበር።

ያኔ ብዙዎቻችን ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ ግን ነበር። ርቀቱን መጠበቅ የማይችል ሰውስ? በአንድ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር ጎን ለጎን የሚተኛ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍበት እስረኛስ ምን ይሁን?

ይህን ታሪክ ለመከታተል ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ካዛንቺስ ቆማችሁ በእግራችሁ ብትሄዱ ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ጋ ትደርሳላችሁ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት እዚያ ነበር፤ የይቅርታ ፊርማ የፕሬዚዳንት ሥልጣን ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቂርቆስ ምድብ ችሎት አለ። በየአካባቢው ደግሞ ፖሊስ ጣቢያዎች አሉ፤ ገና ክስ ያልተመሠረተበት ሰው ቀጠሮውን የሚጠብቀው እዚያ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስትወርዱም የአሮጌው ከርቸሌ ቦታ ይገኛል። ቤተ መንግሥት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ እስር ቤት፤ አራቱም በአንድ አካባቢ ናቸው። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ከርቸሌ እና ተስቦ

በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። "ካዛንቺስ" እና "ከርቸሌ" ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ስሞች ናቸው። ካዛንቺስ የተባለው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ በነበረው "ኢንቺስ" በተባለ ተቋም ስም ነው፤ "ካዛ" ማለት ቤት ነው። ከርቸሌ ደግሞ "ካርቸሬ" ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እስር ቤት ነው። አንዱ ስም ለመኖሪያ፣ ሌላው ለመታሰሪያ ቀረ።

ሕዝቡ ለዚያ እስር ቤት የራሱን ስም አወጣለት፦ ዓለም በቃኝ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በጣሊያን የታፈሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ታጉረዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የታሰሩ ሰዎች በጻፏቸው ትዝታዎች ውስጥ ከዱላውና ከፍርሃቱ ጎን ሌላ ነገር ተደጋግሞ ይነሳል፦ መጨናነቁ፣ ቅማሉ፣ ተስቦው።

ተስቦ በዓለም ሁሉ የእስር ቤት በሽታ ነው። እንግሊዞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን "የእስር ቤት ትኩሳት" ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1750 ለንደን ውስጥ እስረኞች ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በሽታው አብሯቸው ገባ። ዳኞች ሞቱ፣ የከተማዋ ከንቲባ ሞተ፣ ችሎቱን ሊከታተሉ የመጡ ሰዎችም ሞቱ። ያን ጊዜ ባለሥልጣናቱ አንድ ነገር ገባቸው፤ የእስር ቤት ግንብ ሰውን እንጂ በሽታን አያስቆምም።

ከዚያ በኋላ ጆን ሃዋርድ የሚባል ሰው የአገሩን እስር ቤቶች እየዞረ ሲመረምር አንድ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። ፍርድ ቤት ነጻ ያላቸው ሰዎች የእስር ቤቱን ክፍያ መክፈል ስላልቻሉ ብቻ ታስረው ይቆዩ ነበር፤ እዚያው ሆነው በተስቦ የሚሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1774 የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ሃዋርድ ራሱ ከ16 ዓመት በኋላ ሩቅ አገር ሄዶ ሲሞት የገደለው ያው የእስር ቤት በሽታ እንደሆነ ይታመናል።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ። ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው በእስር ቤት በሽታ ሊሞት ይችላል። ወደ 2012 ስንመለስ እናገኘዋለን።

መጋቢት 2012

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው የእስር ቤት ጥየቃ ታገደ። ከመጋቢት 10 ጀምሮ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ፤ አስቸኳይ ከሆኑ ጉዳዮች በስተቀር ቀጠሮዎች ተላለፉ። መጋቢት 30 ቀን መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ሚያዝያ 2 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው።

እነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው ምክንያት ነበራቸው። ጠያቂ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ችሎት የሰው መሰብሰቢያ ነው። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ ከእስረኛው ቦታ ሆናችሁ ተመልከቱት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ወረርሽኙ እስር ቤት ከመግባቱ በፊት እነዚህን ግንኙነቶች አጠበባቸው።

ለታሳሪ ስንቅ የወሰደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስንቅ ምግብ ብቻ አይደለም። "ከሳ ወይስ ደህና ነው? ያስለዋል ወይስ አያስለውም?" የሚለውን የምናየው ሰሃኑን ስናቀብል ነው። ሚያዝያ 16 ቀን ረመዷን ሲገባ ልጇ የታሰረባት እናት ሳምቡሳና ሾርባ ሠርታ፣ አፍጥሮ እንደሆነ እንኳ በዓይኗ ማየት የማትችልበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ጊዜ አንድ እስረኛ ለመውጣት ሦስት መንገዶች ነበሩት። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ይቅርታ

መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 እስረኞች ይቅርታ ማድረጋቸው ተገለጸ። ምክንያቱም በግልጽ ተነገረ፦ በማረሚያ ቤቶች ያለውን መጨናነቅ ቀንሶ የቫይረሱን ሥርጭት ለመከላከል። ይቅርታው ያተኮረው በቀላል ወንጀል እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸውና የእስር ጊዜያቸውን ለመጨረስ የተቃረቡ ሰዎች ላይ ነበር። በዚያው ቀን በጄኔቫ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ሚሼል ባችሌት ለዓለም መንግሥታት ሁሉ "የታሳሪዎችን ቁጥር ቀንሱ" የሚል ጥሪ አቀረቡ። በአፍሪካ ቀድመው ከተንቀሳቀሱት አገሮች አንዷ የእኛ አገር ነበረች። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ከ4,000 በላይ ቤተሰቦች ልጃቸውን፣ አባታቸውን፣ እናታቸውን መልሰው አገኙ።

ይቅርታ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ነገሥታት በዓል ሲሆን፣ ዘውድ ሲጭኑ፣ ልጅ ሲወለድላቸው እስረኛ ይፈቱ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ይቅርታ ማድረግን የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን አድርጎ ጽፎታል። የአሁኑ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 71 ሥልጣኑን በሕግ መሠረት እንዲሠራበት ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 840 ደግሞ አካሄዱን ይዘረዝራል፤ ጥያቄዎችን የይቅርታ ቦርድ ይመረምራል፣ የውሳኔ ሐሳቡንም ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል።

የይቅርታ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። አንድ ፊርማ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል። ከላይ የሚወርድ ዝርዝር ነው። ስምህ ካለበት ትወጣለህ፤ ከሌለበት "ለምን እኔ ቀረሁ?" ብለህ የምትከራከርበት ችሎት የለም። ይቅርታ ምሕረት እንዳልሆነም እንወቅ። ምሕረት በሕግ ሲታወጅ ጥፋቱን ራሱን ይሰርዘዋል። ይቅርታ ግን ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል እንጂ የጥፋተኝነት ፍርዱ በመዝገብ ላይ ይቆያል።

ሁለተኛው መንገድ፦ አመክሮ

አመክሮ የፍርድ ቤት መንገድ ነው። በሕጋችን የገባው ስዊዛዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ባረቀቁት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲሆን አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይዞታል። አንድ እስረኛ ከተፈረደበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ከጨረሰ፣ ፍርድ ቤት ቀሪውን ጊዜ በአመክሮ ውጭ ሆኖ እንዲያሳልፍ ሊያዝ ይችላል። መስፈርቶቹ ሦስት ናቸው፦ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየቱ፣ የበደለውን ሰው ጉዳት በአቅሙ መካሱ፣ ከወጣም በኋላ በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ መገመቱ። ጥያቄው በማረሚያ ቤቱ አሳሳቢነት ሊቀርብ ይችላል፤ እስረኛውም ራሱ ማመልከት ይችላል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በይቅርታ መንገድ እስረኛው ዝርዝር ይጠብቃል፤ በአመክሮ መንገድ ግን "መስፈርቱን አሟልቻለሁ" ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል። ዳኛውም ምክንያቱን ጽፎ ይወስናል።

ታዲያ ወረርሽኙ ሲመጣ አመክሮ ምን አደረገ? መስፈርቶቹን መልሳችሁ ቁጠሩ። ስለ በሽታ የሚናገር አንድም የለም። በመጋቢት 2011 ሦስት ዓመት የተፈረደበት ሰው ለአመክሮ የሚደርሰው በመጋቢት 2013 ነው። በመሐል ወረርሽኝ ቢገባም፣ እስረኛው አስም ወይም ስኳር ቢኖርበትም፣ ዕድሜው 70 ቢሆንም ቁጥሩ አይቀየርም። ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰውም ቢሆን ውሳኔው የሚሰጠው ችሎት ሲሰየም ነው፤ ችሎቶች ደግሞ በከፊል ተዘግተው ነበር። በሽታው እስረኛውን እንዲወጣ የሚያስቸኩለውን ምክንያት እና የሚወጣበትን በር መዝጊያ አንድ ላይ ይዞ መጣ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ዋስትና

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን የተናገርነው ስለ ተፈረደበት ሰው ነው። ያልተፈረደበትስ?

ዛሬ ጠዋት ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ወጣት በጠብ ወይም በስርቆት ተጠርጥሮ ቢያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ካለ ፍርድ ቤቱ የጊዜ ቀጠሮ ይሰጣል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፣ ግን ሊደጋገም ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል።

ንጹሕ ስለሆነም ይቅርታ አይመለከተውም።

ነገሩን ቀስ ብለን እናስበው። ይቅርታ የሚደረገው ቅጣት ለተወሰነበት ሰው ነው። ያልተፈረደበት ሰው ቅጣት የለውም፤ የሌለ ቅጣት አይቀነስም። አመክሮም እንዲሁ ነው፤ ያልተወሰነ ዓመት ሁለት ሦስተኛ የለውም። ስለዚህ በመጋቢት 2012 በስርቆት ጥፋተኛ ተብሎ ሁለት ዓመት የተፈረደበት ሰው ከ4,011ዱ አንዱ የመሆን ዕድል ነበረው። በዚያው ስርቆት ተጠርጥሮ ገና ያልተፈረደበት ሰው ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። በዚያች ሳምንት ጥፋተኛ መባል ንጹሕ ሆኖ ከመቆጠር ይልቅ ለመውጣት ይቀርብ ነበር።

ለዚህ ሰው ሕጉ የተወለት ዋናው መንገድ ዋስትና ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ፍርድ ቤት የሚከለክለው ሕግ በሚፈቅዳቸው ልዩ ሁኔታዎች ነው። ያለ ሕግ ለተያዘ ሰው ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አለ። ሁለቱም ግን ክፍት ችሎት፣ የሚሮጥ ጠበቃ ወይም ዘመድ፣ ለዋስትናውም ብር ይፈልጋሉ። ሥራ በቆመበትና የቀን ገቢ በደረቀበት በዚያ ወቅት ለድሃ ቤተሰብ ጥቂት ሺህ ብርም ተራራ ነው።

ዋስትና ተፈቅዶ እንኳ የማይፈታበት ጊዜ አለ። በ2012 ክረምት የታሰሩት ፖለቲከኛው አቶ ልደቱ አያሌው የልብ ሕመምተኛ መሆናቸውን ጠቅሰው ፍርድ ቤት ዋስትና ጠየቁ። በመስከረም 2013 ፍርድ ቤቱ በ100,000 ብር ዋስ እንዲለቀቁ ወሰነ፤ ፖሊስ ግን ወዲያው አልለቀቃቸውም። ከእስር የወጡት ከተጨማሪ ወራት በኋላ ነው። የፖለቲካ አቋማቸውን መደገፍም መቃወምም ይቻላል። ነጥቡ ሌላ ነው፤ ስሙ የታወቀ፣ ጠበቃ ያቆመ፣ ጋዜጠኛ የሚከታተለው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው የሰፈር ልጅስ?

ሌላም ነገር ነበር። እስር ቤት እንዲቀንስ ይቅርታ በተደረገ በሁለት ወር ውስጥ፣ በግንቦት 2012፣ በአዲስ አበባ ማስክ አላደረጋችሁም ተብለው ከ1,000 በላይ ሰዎች ተያዙ። ከበሽታ ለመጠበቅ ተብሎ ሰው ወደ ተጨናነቀ ቦታ ተወሰደ። በአንድ በኩል በር ሲከፈት በሌላው በኩል ሰው ይገባ ነበር።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

"በችግር ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምን ሊደረግ ይችል ነበር?" የሚል ይኖራል። በዚያው ወር የሆነውን እንይ።

በሕንድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንም አቤቱታ ሳያቀርብ ጉዳዩን በራሱ አነሳሽነት ያዘው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2020፣ ማለትም በእኛ መጋቢት 14፣ እያንዳንዱ ክልል ኮሚቴ አቋቁሞ የትኞቹ እስረኞች በጊዜያዊነት እንደሚወጡ እንዲወስን አዘዘ። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ እስከ 7 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደባቸውን ብቻ ሳይሆን በዚያው ዓይነት ወንጀል ተከሰው ፍርዳቸውን የሚጠብቁትንም ይጨምር ነበር። ያልተፈረደበት ሰው አልተረሳም።

በኢራን የፍትሕ አካሉ ወደ 85,000 የሚሆኑ እስረኞችን በጊዜያዊ ፈቃድ ለቀቀ። ይቅርታ አልነበረም፤ "ለጊዜው ቤትህ ቆይ፣ በኋላ ትመለሳለህ" የሚል ነበር።

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣ ሕግ ነበር። የፌዴራል እስረኛ በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ቅጣቱ እንዲቀነስለት መጀመሪያ የእስር ቤቱን ኃላፊ ይጠይቃል፤ 30 ቀን ካለፈ ራሱ በቀጥታ ወደ ዳኛ ማመልከት ይችላል። ኮቪድ ሲመጣ እስረኞች ይህን ሕግ ተጠቀሙበት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች "ዕድሜዬ ይህ ነው፣ በሽታዬ ይህ ነው፣ እዚህ ብቆይ እሞታለሁ" ብለው አመለከቱ። ብዙዎቹ ተከለከሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ግን ወጡ። የተከለከለውም ቢሆን ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው ዳኛ ነበረ።

ከእነዚህ አገሮች አንዱም እስር ቤቱ የሚያስቀና አይደለም። የምናነሳቸው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ፍርድ ቤትን በሕግ መንገድ ማሠራት ይቻላል፤ ያልተፈረደበትን ሰውም መጨመር ይቻላል።

ምን ተማርን?

ከርቸሌ ዛሬ የለም። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ፈረሰ፤ በቦታው የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንጻ በጥር 2004 ተመረቀ። አሮጌው ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. በብዛት ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ግንቡ ሲፈርስ ትዝታው አብሮ ይጠፋል። የ2012ም ትዝታ እንዲሁ እየሄደ ነው። ማስኩን ጥለናል፣ ጀሪካኑን አንስተናል። ሕጉ ግን እንደነበረ ነው። አመክሮ ዛሬም ስለ ወረርሽኝ የሚለው ነገር የለም። ያልተፈረደበት ሰው ዛሬም ይቅርታ አይደርሰውም፤ ሊደርሰውም አይገባም፣ ምክንያቱም እሱ የሚያስፈልገው ይቅርታ ሳይሆን ፈጣን ችሎት ነው።

ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ውሳኔ "ፍርድ ቤት ይዘጋ" ከሆነ የሚጎዳው ማን እንደሆነ አሁን እናውቃለን። ሆስፒታል በወረርሽኝ ጊዜ አይዘጋም፤ የዋስትና ችሎትም ከሆስፒታል ጋር መቆጠር አለበት።

በመካከላችሁ ሕግ የምትማሩ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። ይህ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሌሎቻችሁም ቢያንስ አራቱን ቃላት ለዩ፦ ይቅርታ፣ ምሕረት፣ አመክሮ፣ ዋስትና። ነገ ወንድማችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ቢያዝ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ይህ ልዩነት ነው። ያልተፈረደበትን ሰው "ይቅርታ ጠይቅና ውጣ" አትበሉት። ዋስ ሁኑት።

በ2012 የታሰረ ዘመድ የነበራችሁ፣ ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፋችሁት በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። የሰዎችን ስም አትጥቀሱ። ጽሑፉን ለሌሎችም አድርሱ።